ታላቅ ናት ወይ ላልሽኝ

ልጄ፣ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። አዳማ ሙቀቱ በርትቷል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

«አባዬ፣ ታላቋ ኢትዮጵያ ማለት አይሰለቻችሁም? በምኗ ነው ታላቅ?» ብለሽኝ ነበር። መልስ አጥቼ አይደለም ዝም ያልኩት፣ ኔትወርኩ ስለተቋረጠ ነው። እናትሽ ግን አላመነችኝም፤ እስካሁን ትስቅብኛለች።

«የተራበ ሕዝብ ያለው አገር ታላቅ አይባልም» ያልሽው አልተዋጠልኝም። አድዋን ሁላችንም እናነሳለን፤ ከአድዋ በፊት የነበረውን ክፉ ቀን ግን እንዘለዋለን። ከ1880 ጀምሮ በምጽዋ በኩል የገባ በሽታ የቀንድ ከብቱን ፈጀው። በሬ ያለቀበት ገበሬ በምን ይረስ? ድርቁና አንበጣው ተጨመረበትና ሕዝቡ እንደ ቅጠል ረገፈ። አጤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል። እንግዲህ በመስከረም 1888 ክተት ሲታወጅ ስንቁን ይዞ የተነሳው ከዚያ ጠኔ የተረፈው ሰው ነው። ረሃቡም ድሉም የአንድ ትውልድ ነው።

በየበዓሉ በቴሌቪዥን «ሦስት ሺህ ዘመን» እያሉ የሚፎክሩትንም ቢሆን አልወድላቸውም። እኔ የማውቀው መንገዱን ነው። ሥራ ስጀምር የምንጭነው ከአሰብ ነበር፤ ከ1990ው ጦርነት ወዲህ ጅቡቲ ሆነ። ነዳጁም ማዳበሪያውም በዚያው መንገድ ይገባል። አገሬን ያየኋት ከመሪ ጀርባ ሆኜ ነው።

ባለፈው ከሚሌ አለፍ ብዬ ጎማ ፈነዳብኝ። ስኮርታዬን ቀደም ብዬ ተጠቅሜበት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ረዳቴ ተሳቢው ሥር ገብቶ ተኛ። ከኋላ የመጣ አንድ ሹፌር አቆመ። ከዚያ በፊት ዓይኑን አይቼው አላውቅም። የራሱን ስኮርታ አወረደና አብሮኝ ገጠመ። «አዳማ እንዲህ የሚባል ጎማ ቤት አለ፣ እዚያ አስቀምጥልኝ» አለና ሄደ። ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። የከባድ መኪና ጎማ ዛሬ ስንት እንደገባ ብነግርሽ ትደነግጫለሽ።

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ በሌላ መንገድ ገመድ የወጠሩ ጎረምሶች አስቆሙኝ። «ኮቴ ክፈል።» ደረሰኝ የለ፣ ምን የለ። ከፈልኩ፤ ምን አባቴ ላድርግ? እሱስ ይሁን። የሥራ ባልደረባችን ታግቶ ቤተሰቡ ቤት ያፈራውን ሸጦ ነው ያስለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ መሪ እንዲነካ አልፈቀደችለትም። እሱም አልተከራከራትም።

እና ታላቅ ናት ወይ? ሰዎቿ ናቸው፤ ያን ሹፌር አይቼ አይደሉም ብል ግፍ ይሆንብኛል። አገሪቱን ግን ዛሬ ታላቅ ናት ብዬ አልምልልሽም። አንቺ ከአዲስ አበባ ተነስተሽ ጎንደር ወይ ነቀምት ስትሄጂ እናትሽ ስልክ ታቅፋ ካላደረች፣ ያኔ ያለ ክርክር ታላቅ እላታለሁ። አድዋ የዘመቱት የድርሻቸውን ከፍለው ሄደዋል። ይሄኛው የእኛ ዕዳ ነው፤ ከእኛም ይልቅ ወንበር ላይ የተቀመጡት።

ሕዳሴውን ግን እንዳትነኪብኝ! ቦንድ የገዛሁበት ነው። ጳጉሜ 2017 ሲመረቅ እንባ የተናነቀኝን እናትሽ አይታኛለች፣ ልክድ አልችልም።

ለፋሲካ ስትመጪ በቀን ውጪ፤ በፈጣን መንገዱ የሚመጣውን ያዢ። ዶሮው ተገዝቷል። እናትሽ በዚህ ክርክር ካንቺ ጋር ናት፤ ሁለት ለአንድ ሆናችሁብኛል።

አባትሽ
ከአዳማ