የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ፦ "ከስንቱ ስንት?"

ሌላ ጊዜ ክበባችን ችግኝ ይተክላል፣ ካርታ ይስላል፣ ለወላጆች ቀን ከጭቃና ከጄሶ ተራራ ሠርቶ ያሳያል። ዘንድሮ ግን 34 ልጆች ከጥቅምት እስከ ሰኔ ረቡዕ ረቡዕ እየተሰበሰቡ የህንድን የሕዝብ ቆጠራ ሲያገላብጡ ከረሙ። በህንድ ግዛቶች የሃይማኖቶች ድርሻ እንዴት ተለወጠ? ሂንዱዎችስ የት ይበዛሉ፣ የት ጥቂት ናቸው? ጥያቄያችን ይህ ነበር። ብዙ ሰው "ከህንድ ጋር ምን አገናኛችሁ?" ብሎኛል፤ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ጥቅምት ላይ ስለ ሕዝብ ቆጠራ ስናወራ ልጆቹ የአገራችንን ቁጥር አነሱ። የመጨረሻው ቆጠራችን የ1999 ዓ.ም ነው። አብዛኞቹ የክበቡ ልጆች ያኔ አልተወለዱም። ከዚያ በኋላ ሊቆጠር ታስቦ እየተራዘመ ቀረ። ወሬው ወደ ሃይማኖት ሲዞር ክፍሉ ጋለ። ሁሉም የሰማውን ቁጥር ይጠራል፣ ከየት እንዳገኘው የሚናገር ግን የለም። ሁለት ጓደኛሞች ተኮራርፈው ወጡ። እኔም ቤቴ ገብቼ ሳስበው እነዚህ ልጆች ክፋት የለባቸውም፣ ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ ያሳያቸው ሰው ነው ያጡት አልኩ። መለማመዱን ደግሞ የራሳቸው ወገን በሌለበት ቦታ ቢጀምሩት ይቀላል። ህንድ ከ1881 (በዚህ ዘገባ የህንድ ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ከነሃይማኖቱ ስትቆጥር የኖረች አገር ናት። ለትምህርት ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

ሌላም ምክንያት ነበረን። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አያቷን ጠይቃ መጣች። በጃንሆይ ጊዜ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ብዙ የህንድ መምህራን ነበሩ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ በደቡብ ህንድ ያለችው የኬራላ ግዛት ሰዎች ናቸው። አያቷን ሒሳብ ያስተማሯቸውም እንዲሁ ከኬራላ የመጡ ነበሩ። "ቲቸር፣ አያቴ መምህራችን ክርስቲያን ነበሩ ይላል። ህንዶች ሁሉ ሂንዱ አይደሉም እንዴ?" አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ሥራ ከዚህች ጥያቄ ወጣ ብል ማጋነን አይሆንም።

በ2011ዱ ቆጠራ የህንድ ሕዝብ 1.21 ቢሊዮን ነበር። ሂንዱዎች 79.8 በመቶ፣ ሙስሊሞች 14.2፣ ክርስቲያኖች 2.3፣ ሲኮች (ፑንጃብ ውስጥ የተነሳው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) 1.7። ኬራላ ስንደርስ ግን ሥዕሉ ሌላ ነው። ሂንዱ 55፣ ሙስሊም 27፣ ክርስቲያን 18 በመቶ ገደማ። ልጅቷ ይህን ለአያቷ በወረቀት ጽፋ ወሰደችላቸው።

ኅዳር ላይ አንድ ስህተት ሠራን፤ ከሁሉም በላይ ያስተማረን እሱ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈው። አንዱ ቡድን በማኒላ ወረቀት ላይ "በህንድ ሂንዱዎች እየቀነሱ ነው" ብሎ በትልቁ ጻፈና ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈ። ከሥሩ ሁለት ቁጥር አለ፤ በ1951 84.1 በመቶ፣ በ2011 79.8 በመቶ። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። እኔም አይቼ አሳልፌዋለሁ። በምሳ ሰዓት ግን ግቢው ውስጥ "ሂንዱዎች እያለቁ ነው አሉ" የሚል ወሬ ነበር! በሚቀጥለው ረቡዕ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣና "ሰዎቹ ራሳቸው ስንት ነበሩ?" አለ። ፈለግን። በ1951 ሂንዱዎች 304 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፣ በ2011 ደግሞ 966 ሚሊዮን። ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነዋል። ሙስሊሞች ከ35 ሚሊዮን ወደ 172 ሚሊዮን አደጉ። ሁለቱም ጨምረዋል፣ አንዱ ከሌላው ፈጠን አለ፣ ያን ጊዜ የአንዱ ድርሻ ይቀንሳል። በቃ ይኸው ነው። ማኒላውን አውርደን ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ጻፍን፣ በሚኒ ሚዲያም ማስተካከያ አነበብን። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ልጅ በመቶኛ ሲጠራ ሌሎቹ "ከስንቱ ስንት?" ይላሉ። የቁጥሩ መቀነስ እውነት የሆነው በፓርሲዎች፣ ማለትም ጥንት ከፋርስ በመጡት የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች ነው። እነሱ በ1941 ወደ 115 ሺህ ነበሩ፣ በ2011 57 ሺህ ብቻ።

ከገና በፊት ግዛቶቹን በቡድን ተከፋፈልን። መጀመሪያ የሠራነው ሂንዱዎች ጥቂት የሆኑባቸውን ቦታዎች ቀለም መቀባት ነው። ልጆቹ በጣም ተገረሙ። በአገር ደረጃ ከአምስት ሰው አራቱ ሂንዱ ነው፣ ሚዞራም ስትሄድ ግን 2.75 በመቶ፣ ወደ 30 ሺህ ሰው መሆኑ ነው። ናጋላንድ 8.75፣ ሜጋላያ 11.5፣ አሩናቻል ፕራዴሽ 29፣ ፑንጃብ 38.5። በዚያው ቆጠራ ጃሙና ካሽሚር 28.4 ነበር። ሂማቻል ፕራዴሽ ደግሞ 95 በመቶ!

ልጆቹ ቶሎ የደረሱበት መደምደሚያ "ናጋላንድ ውስጥ ሂንዱዎች ክርስቲያን ሆኑ" የሚል ነበር። አይደለም። ናጋዎችና ሚዞዎች ሚሲዮናውያን ሲመጡ በአብዛኛው የአባቶቻቸውን እምነት ይከተሉ ነበር፤ ወደ ክርስትና የገቡት ከዚያ ነው። አሩናቻል ላይ ይህ ለውጥ በቅርብ የሆነ ነው። በ1971 ክርስቲያኖች ከ1 በመቶ በታች ነበሩ፣ በ2011 30 በመቶ ደረሱ።

ፑንጃብን የያዘው ቡድን ያሳየንን አልረሳውም። ካርታውን በመቀስ ቆረጡት። እስከ 1966 በነበረችው ፑንጃብ ሂንዱዎች ይበዙ ነበር። በዚያ ዓመት ኅዳር 1 ግዛቷ በቋንቋ ምክንያት ተከፈለችና ሃሪያና የራሷ ግዛት ሆና ወጣች። በቀረችው ፑንጃብ ሲኮች በዙ። ማንም ሰው ሃይማኖቱን አልቀየረ፣ ዕቃውን አልጫነ፤ ካርታው ላይ መስመር ተሰመረ እንጂ። በ1947ቱ የህንድና የፓኪስታን ክፍፍል ግን ሚሊዮኖች ዕቃቸውን ጭነው ተሰደዋል፣ ብዙዎችም መንገድ ላይ ሞተዋል። ያንን ለብቻው አንድ ረቡዕ ሰጠነው።

ካሽሚርም እንደዚሁ በቀመር የሚገለጽ ነገር አይደለም። በ1990 በታጣቂዎች ግድያና ማስፈራሪያ የተነሳ ፓንዲት የሚባሉት ሂንዱዎች አብዛኞቹ ሸለቆውን ጥለው ወጡ፤ ካምፕ ውስጥ ልጅ ወልደው ያሳደጉ አሉ። ማኒፑር ላይ ደግሞ በ2011 ሂንዱ 41.4፣ ክርስቲያን 41.3 በመቶ ነበሩ፣ ትከሻ ለትከሻ። በግንቦት 2023 በመሬትና በጎሳ መብት ጉዳይ በሜይቴዎችና በኩኪዎች መካከል ግጭት ተነሳ፤ ሜይቴዎቹ በአብዛኛው ሂንዱ፣ ኩኪዎቹ በአብዛኛው ክርስቲያን ናቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 60 ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ይህን ሳነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። የትኛውም ልጅ "ማን ያሸንፋል?" አላለም፤ ለዚህ በግሌ አመሰግናቸዋለሁ።

ስለ ወሊድ ያጠናው ቡድን የሁለተኛውን ሴሚስተር ግማሽ ወሰደ፣ መውሰድም ነበረበት። ሙስሊሞች ለምን ፈጠን ብለው አደጉ የሚለው ጥያቄ ህንድ ውስጥ ምርጫ የሚሞቅበት ጉዳይ ነው። በህንድ ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት መሠረት በ1992–93 አንዲት ሂንዱ በአማካይ 3.3 ልጅ፣ አንዲት ሙስሊም 4.4 ልጅ ትወልድ ነበር። በ2019–21 ቁጥሩ 1.9 እና 2.4 ሆነ። ሁለቱም ወርደዋል፣ ልዩነቱም ጠቧል። ከዚያ ልጆቹ ግዛቶቹን አነጻጸሩ። ቢሃር 3፣ ኬራላ 1.8። አንዲት ሴት ስንት ልጅ እንደምትወልድ ለማወቅ የምትጸልይበትን ቤት ከመጠየቅ ይልቅ የት እንደተወለደችና ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች መጠየቅ ብዙ ይነግራል። ይህን ያሉት ልጆቹ ናቸው፤ እኔ ሰሌዳው ላይ ብቻ ጻፍኩት።

ሃይማኖት መቀየርስ? በ2019–20 ወደ 30 ሺህ ሰው በተጠየቀበት ትልቅ ጥናት 98 በመቶው ያደገበት ሃይማኖት ውስጥ ነው ያለው። ትልቁ የተለየ ነገር የ1956ቱ ነው። ከዝቅተኛው የዘር መደብ የተወለዱት መሪ ዶክተር አምቤድካር ጥቅምት 14 ቀን በናግፑር ከመቶ ሺዎች ጋር የሂንዱን ሃይማኖት ትተው ቡዲስት ሆኑ። በ1951 ከ200 ሺህ በታች የነበሩት የህንድ ቡዲስቶች በ1961 ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። የዘር መደብ ያዋረደው ሰው ያደረገው ነው። ልጆቹ ስለ አምቤድካር አንብበው አልጠግብ አሉ።

ቅጹም ራሱ ታሪክ አለው። መቁጠሪያው ላይ መለያ ቁጥር ያላቸው ስድስት ሃይማኖቶች ናቸው። ጃርክሃንድ ውስጥ ወደ 4 ሚሊዮን ሰው ግን "ሌላ" በሚለው ሥር "ሳርና" ብሎ የአባቶቹን እምነት አስመዘገበ። የግዛቷ ምክር ቤትም በ2020 የራሳችን መለያ ይሰጠን ብሎ ወሰነ። "ቅጹ ላይ ሣጥን የሌለው ሰው የት ይገባል?" ብሎ የጠየቀው የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ክርክር አዘጋጀን። "ሚዞራም ያለ ሂንዱ ልጅ አናሳ ነው ወይስ ብዙኃን?" የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 በ11 ዳኞች፣ አናሳዎች የሚያቋቁሟቸውን ትምህርት ቤቶች በተመለከተ አናሳነት በግዛት ይለካ ብሏል። ማዕከላዊው መንግሥት ያወጣው ዝርዝር ግን አገር አቀፍ ነው፣ ሂንዱዎችም የሉበትም። ሁለቱ ጓደኛሞች፣ እነዚያ ጥቅምት ላይ የተኮራረፉት፣ አንድ ወገን ሆነው "አናሳ ነው" ብለው ተከራከሩ። ተሸነፉ በእርግጥ። ተያይዘው ሲወጡ ግን አየሁ።

በወላጆች ቀን 11 ማኒላ ለጠፍን። የልጅቷ አያት በከዘራ መጥተው ኬራላ ፊት ብዙ ቆሙ። በ1961 እዚያ ሂንዱ 61፣ ክርስቲያን 21፣ ሙስሊም 18 በመቶ ነበር። ጣታቸውን ክርስቲያኑ ላይ አድርገው "የኔ መምህር እዚህ ውስጥ አሉ" አሉ።

የጎደለንም አለ። ኢንተርኔት በየሳምንቱ አልነበረም፤ አሳምንና ምዕራብ ቤንጋልን የያዘው ቡድን ሥራውን አልጨረሰም፣ ፍልሰት ደግሞ ከሁሉም የከበደው ርዕስ ነበር። ማርከርና ማኒላ በራሳቸው ኪስ የገዙ ልጆችን እያመሰገንኩ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ትንሽ በጀት እንዲያዝልን እጠይቃለሁ።

ሰኔ ላይ ልንዘጋ ስንል ዜናው መጣ። ህንድ በኮቪድ ምክንያት በ2021 ሳትቆጥር የቀረችውን ሕዝብ በ2027 ልትቆጥር ነው። ልጆቹ ሮጠው ትልቁን ማኒላ አወረዱና ከ2011 ቀጥሎ አንድ ዓምድ አሰመሩ። ከላዩ 2027 ብለው ጻፉ። ሥሩ ባዶ ነው። ማኒላው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካርታ መደርደሪያው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ቁልፉን የያዙት የ9ኛ ክፍሎቹ ናቸው።