ከዱቤ ደብተሩ ጀርባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያኮርፈው። ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ቡናዬን አፍልቼ፣ ቶናዋን ይዤ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ስደውል ወይ መኪና ውስጥ ነሽ ወይ ሥራ ላይ። «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ትያለሽ እንጂ አትሰሚኝም።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሦስቴ ሰማሁት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከነዚያ ከጸሐፊ ጓደኞችሽ ጋር ወይን ይዛችሁ ተቀምጣችሁ ተራ በተራ እንዴት እንደምትጽፉ ታወራላችሁ። አንዱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ እንደሚጽፍ ተናገረ። አንዷ ገጸ ባሕርያቶቿ በሕልሟ እየመጡ እንደሚያጫውቷት ተናገረች። አንቺ ጋ ሲደርስ «እኔ እንጃ» ብለሽ ወይንሽን ጨለጥሽ። ከዚያ መኪናሽ ውስጥ ገብተሽ አለቀስሽ። በዚህ ይለቀሳል እንዴ የኔ ዓለም?

መጨረሻ ላይ የጠየቅሽኝ ነገር ነው ይህን ያስጻፈኝ። «እማ፣ አንቺ ግሮሰሪ ይመጡ የነበሩት ደራሲዎች ምን ይሉ ነበር?» ነው ያልሽው።

አብዛኛውን ይዋሹ ነበር።

ክፉ ውሸት አይደለም። አዳኝ የገደለውን አውሬ ሲያወራ ቀንዱን እንደሚያረዝመው ያለ ነው። ዶሮ ማነቂያ የነበረችውን ቤታችንን መቼም አትረሻትም። የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጠሽ የቤት ሥራ ትሠሪባት ነበር። አምስት ጠረጴዛ ነበራት። አምስተኛው፣ ማቀዝቀዣው ሥር ያለው፣ የነሱ ነበር። በ1986 ቤቷን ስከፍት ደራሲ ይመጣልኛል ብዬ አይደለም። የፕሬስ አዋጁ፣ ቁጥር 34/1985 የሚባለው፣ ከወጣ ገና ዓመት ምናምን ቢሆነው ነው። ሳንሱር ተነስቷል። ጋዜጣና መጽሔት በየመንገዱ እንደ ቆሎ ይቸረቸራል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም ሩቅ አይደለም። ጽሑፉን አስረክቦ የወጣ ሰው ጉሮሮውን ማርጠብ ይፈልጋል። የተከፈለው በጥሬ ይጠጣል። ያልተከፈለው በዱቤ ይጠጣል። ያልተከፈለው ይበዛ ነበር።

ጨዋታው ሥርዓት ነበረው። የመጀመሪያው ጃምቦ ላይ ወሬው ስለ ገንዘብ ነው፤ ማን ከፈለ፣ ማን ካደ። ሁለተኛው ላይ ያልመጣው ሰው ይታማል። ሦስተኛው ላይ ስለ ሥራቸው ይጀምራሉ። አራተኛው ላይ ሁሉም ሊቅ ነው። እኔ ታዲያ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ጆሮዬ እዚያ ነው።

አንዱ የገጸ ባሕርያቱን ስም ከአዲስ ዘመን የሐዘን ማስታወቂያ ነበር የሚለቅመው። የሟቹን ስም ከአንዱ፣ የአባቱን ከሌላው ወስዶ ያጋጥማል። «ሙት አይከሰኝም» ይል ነበር። ሌላው ጀርባው የተጻፈበት የመሥሪያ ቤት ወረቀት ካልሆነ አልጽፍም ይላል። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ያስፈራኛል ይላል። እሱን እንኳ አምኜዋለሁ። ደህና ደህና ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ማኅተም ባለበት ወረቀት ጀርባ ላይ ነበሩ።

አንድ የቅኔ ተማሪ የነበረ ሰውም ነበራቸው። ጎጃም፣ ዋሸራ ተምሮ የመጣ። «የኔታ» እያሉ ይቀልዱበታል። አንድ ቀን ልጅ እግሩ ጋዜጠኛ «መነሳሳት ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ ጣሪያው አየ። የኔታ ግን ሳቀ። ነገሩን አስረዳው። ተማሪ ቅኔ ለመቁጠር፣ ለመድረስ ማለት ነው፣ ብቻውን ጫካ ይገባል። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቆጥሮ ሲመለስ መምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩ ያርማል። የተበላሸው እዚያው ይፈርሳል። ደግሞ ለበዓል የተቆጠረ ቅኔ ለዚያ ቀን ነው። በሌላ ቀን ደግሞ ማምጣት ነውር ነው። ጋዜጠኛው ማስታወሻውን አውጥቶ «ታዲያ ጫካ ውስጥ ምን ታስቡ ነበር?» አለው።

«በሶ» አለ የኔታ። «ርቦን ነበር።»

ጋዜጠኛው እርሳሱን ወደ ኪሱ መለሰ።

ስለ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም ትጠይቂኝ ይሆናል። ፒያሳ ውስጥ ስብሐት ያልተቀመጠበት ግሮሰሪ የለም ሲባል ትሰሚያለሽ። እኔ ቤት አልመጣም። ስሙ ግን በየምሽቱ ይመጣ ነበር። መጠጥና ጽሑፍ ይዛመዳሉ ወይ የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር እሱን ይጠሩታል። የበዓሉ ግርማ «ደራሲው» ላይ ያለው ሲራክ ከስብሐት ነው የተቀዳው ይላሉ፣ እውነትም ነው። ከዚያ የስብሐትን ልብ ወለድ፣ ሌቱም አይነጋልኝን ያነሳሉ። ውቤ በረሃን፣ ያንን የመጠጥ ቤቶች ሰፈር፣ እንደዚያ የጻፈ ሰው በረሃው ውስጥ ስለኖረ ነው፤ ስለዚህ እኛም እንጠጣ ይሆናል መደምደሚያው። ልጄ፣ ሰውየው ያንን የጻፈው ፈረንሳይ አገር፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ በምትባል ከተማ ተማሪ ሆኖ ነው። ጽሑፉም ለብዙ ዓመት ሳይታተም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። አንድ ምሽት ይህን ብነግራቸው «አንቺ ድራፍትሽን ቅጂ» አሉኝ። ቀዳሁ። ምን አገባኝ፣ ሒሳቡ ለኔ ነው።

አሁን ስለ ባለ ባርኔጣው ልንገርሽ። ለሱ ነው ወረቀቱን ያነሳሁት።

ግሮሰሪ ከመክፈቴ በፊት ታይፒስት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። በ1974፣ በ19 ዓመቴ ነው አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት የተቀጠርኩት። የአማርኛ ታይፕ ዛሬ በስልክሽ እንደምትነካኪው እንዳይመስልሽ። 231ዱ ፊደል በዚያች መኪና ላይ አይበቃም። ቅጥያውን ለብቻ እየመታን ነበር ፊደሉን የምንገጣጥመው። ማታ ጣቶቼን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ እነክር ነበር። ለሳንሱር የሚገባ ጽሑፍ ስርዝ ድልዝ አይወድም፤ አንድ ቃል ከተበላሸ ገጹን እንደገና ነው።

ያኔ ሰው ሰውን «ምን እየጻፍክ ነው?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ ኦሮማይ በ1975 በኩራዝ አሳታሚ ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ራሱ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ ብቻ መንገድ ዳር ተገኘች። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት የሚመጡ ጸሐፊዎች ወረቀታቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ነበር የሚያመጡት። ባለ ባርኔጣው አንዱ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ ሳንሱሩም ጆሮ ጠቢውም ሄደዋል በተባለ ጊዜ እንኳ፣ እኔ ግሮሰሪ ሲቀመጥ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ነው። ያ ወንበር ከተያዘ ቆሞ ይጠጣል።

እና አንድ ምሽት ያ ጋዜጠኛ ስለ አንድ አጭር ልብ ወለዱ ጠየቀው። ባለ ባርኔጣው ጃምቦውን አስቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀ። ሲዋሽ ያወልቃል። «በአንድ ሌሊት ነው የጻፍኩት» አለ። «ሻማ ለኩሼ ጀመርኩ፤ ሻማው ሲያልቅ እኔም ጨረስኩ።» ጠረጴዛው ጸጥ አለ። አንዱ «አይ ጸጋ!» ብሎ አንድ ዙር አዘዘለት።

ያንን ልብ ወለድ የመታሁት እኔ ነኝ። አራት ጊዜ! በ1978 ጀምሮ በ1979 መጨረሻ ላይ ነው ያበቃው። የመጀመሪያው ላይ ርእሱ ሌላ ነበር። ሁለተኛው ላይ መጨረሻ የምትሞተው ሴትዮ ዳነች። ሦስተኛው ላይ ሞተች፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ገጾች ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘው መጡ። አራተኛው ላይ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ብሎ አንድ ሙሉ ገጽ አስመታኝ። ሰድቤው ነበር፣ በልቤ።

ብርጭቆ እያጠብኩ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። «ጋሼ፣ ልድገምልህ?» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ባንኮኒው ጋ መጥቶ ቆመ። «አራት ጊዜ ብላቸው ማን ይጋብዘኛል?» አለኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሳስበው፣ ሌሊቷ ሳትኖር አልቀረችም። ሻማዋም። ምናልባት አራተኛው እርማት በአንድ ሌሊት መጥቶለት ይሆናል። የቀሩትን ሁለት ዓመታት ነው ቆርጦ የጣለው፤ እነዚያን ሰባት ገጾች እንደጣላቸው።

በሌላ ጊዜ፣ 1989 ክረምት ነው፣ ዝናብ ጥሎ መብራት ጠፋ። ሁለት ሻማ ብቻ ነበረኝ። እሱ ብቻውን ነበር። ድንገት «ወረቀት!» አለኝ። ቤት ውስጥ ያለው ወረቀት የዱቤ ደብተሬ ብቻ ነው። ሰጠሁት። ከአንዱ ገጽ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጫር ጫር አደረገ። ከዚያ ሊቀደው ሲል እጁን ያዝኩት። ከፊት ለፊቱ የሱ ዕዳ አለ፤ የአንድ የታክሲ ሹፌርም አለ። «ወይ ክፈል፣ ወይ ተወው» አልኩት። ኪሱን ዳበሰ። ተወው።

በነጋታው መጣ። ጃምቦ አዘዘና «ደብተሩን እስቲ» አለኝ። አንድ ቃል ሰረዘ፣ መለሰልኝ። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ የሰረዘውን መለሰው። እንዲህ እያለ ሁለት ወር! ሌሎቹ ዕዳውን የሚያይ ነው የመሰላቸው። የኔታ «እንዲህ ዕዳው የሚያስጨንቀው ሐቀኛ ሰው አይቼ አላውቅም» ብሎ ሲያመሰግነው፣ ባለ ባርኔጣው አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጓዳ ገባሁ።

ጥቅምት ላይ መምጣት ተወ። አገር ለቆ ሄደ ያለኝ አለ፤ ታመመ ያለኝም አለ። ወንበሯን ለጥቂት ጊዜ ባዶ አቆየኋት። ከዚያ ሰው ተቀመጠባት።

አንቺ እንዴት እንደምትጽፊ ግን ለሰዎቹ ምን ብለሽ እንደምትነግሪያቸው አላውቅም እንጂ፣ እኔ አውቃለሁ። አሥር ዓመትሽ ነበር። በረዶ ውኃ ውስጥ የራሰውን የቢራ ወረቀት ከጠርሙሱ ትልጪና ጀርባውን አድርቀሽ ትጽፊበት ነበር። ከመጻፍሽ በፊት ግን ብርጭቆ ታጥቢያለሽ። አንዱኑ ብርጭቆ ሦስቴ። ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። አንድ ጊዜ አንዱን ብርጭቆ ሰብረሽ እንኳ አልሰማሽም ነበር። ለዚያ ነው ያልጮህኩብሽ። አሁንም የእቃ ማጠቢያ ማሽን አለኝ እያልሽ በእጅሽ እንደምታጥቢ ያቺ አብራሽ የምትኖረው ልጅ ነግራኛለች። ቅዳሜ ይህን ብትነግሪያቸው ይስቁብሽ ይሆናል። ይሳቁ። ካልፈለግሽ ደግሞ ሻማ ለኩሼ በያቸው፤ አንድ ብርጭቆ ይጋብዙሻል።

ቤቷ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብራ ፈረሰች። ማቀዝቀዣውን ሸጥኩት። ወንበሮቹን ለእድር ሰጠሁ። ደብተሩን ይዤ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ መንገደኛ ወደናንተ ይመጣል። በርበሬ፣ ሽሮና ትንሽ ቆሎ ልኬልሻለሁ። ደብተሩም እዚያው ውስጥ አለ፤ ሽሮው እንዳይነካው በሁለት ፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። ገጹ ጋ ክር አስገብቼልሻለሁ። ስድስት መስመር ናት። ቆጥሬዋለሁ፣ የተሰረዘው 31 ቃል ነው፤ የቀረው 19። እርሳሱ ደብዝዟል፣ መብራት አስጠግተሽ አንብቢው።

ፊት ለፊቱ ላይ ዕዳው አለ። 14 ብር ከ50። እሱን አልሰረዝኩትም።

እናትሽ