የጣት ማጠንከሪያ ጣውላ በጠባብ ቤት

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ቋጥኝ የመውጣት ስፖርት ወዳጅ ነኝ፤ የምለማመደውም በዚህችው ክፍል ነው። ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልንገራቸው፦ ጣት ለማጠንከር የምትንጠለጠሉበትን ጣውላ ብሎኬት ግድግዳ ላይ አትግጠሙ። እኔ ገጥሜ ነበር። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደቴ ሲያርፍበት ብሎኑ ግድግዳውን ፈርፍሮ ወጣ፤ ጀርባዬ ለሳምንታት አመመኝ። አሁን የሰፈራችን አናጢ ከዋንዛ ጣውላ ጣት የሚያርፍበት 20 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው እርከን ጠርቦ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለዝቦልኛል። የታሰረውም ከበሩ በላይ ባለው የአርማታ አግዳሚ ላይ ነው። ከታች ያሉት እናት እንዳይረበሹ ፍራሽ አነጥፋለሁ።

ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ይጠነክራልና መቸኮል ጣት ያስጎዳል። እግሬን በርጩማ ላይ አሳርፌ 10 ሰከንድ እንጠለጠላለሁ፣ 3 ደቂቃ አርፋለሁ፤ በሳምንት ከሁለት ቀን አላልፍም።

ይህ ስፖርት እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ውድድር ሆኖ ገብቷል። ምእመናን ገደል ቧጥጠው ወደ አቡነ የማታ ቤተ ክርስቲያን በሚወጡባት አገር፣ ወጣቶቻችን ስሙን እንኳ አለመስማታቸው ያንገበግበኛል። እባካችሁ አንድ ዓምድ ስጡት።

አክባሪያችሁ
ከየካ አባዶ