ረቂቁን አስቀድማችሁ አሳዩን፦ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የከተማዋ የመሬት አጠቃቀምና የግንባታ ደንብ በሚከለስበት ጊዜ የነዋሪው አስተያየት በወቅቱ እንዲሰማ ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

ጎንደርን ሰፈር ለሰፈር ከፍሎ ማን የት እንደሚኖር መወሰን ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። የመነኮሳቱ አለቃ እጨጌው በእጨጌ ቤት፣ ጳጳሱ በአቡን ቤት የየራሳቸው ወሰን ነበራቸው። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1668፣ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ታዘዘ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት ለከተማዋ ፕላን ነደፈ፤ ነጩንና ጥቁሩን በየሰፈሩ ለይቶ ማኖር የፋሽስቱ አስተዳደር ሕግ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ፒያሳ ላይ ዛሬ ማኪያቶ የምንጠጣባቸው ሕንፃዎች የዚያ ጊዜ ውርስ ናቸው። ያምራሉ፣ አልክድም። ነገር ግን ከነዋሪው ጋር የመከረ አልነበረም።

አሁን ሕግ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም በፕላን ዝግጅት ሕዝቡ እንዲሳተፍ ያዛል። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ውለታ እየለመንሁ አይደለም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ረቂቁ ካርታ ከነደንቡ፣ ከስብሰባው ቀደም ብሎ እጃችን ይግባ።

በአገራችን ከተሞች የለመድነው የሕዝብ ውይይት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተር ይበራል። ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ የተቀባ ካርታ ግድግዳው ላይ ብቅ ይላል፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው የራሱን ቀበሌ እንኳ ሳይለይ ያልፋል። ከዚያ መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው ይባላል። ያልተነበበ ነገር እንዴት ይጠየቃል? ተሳታፊውም ስለ ውኃ መጥፋትና ስለ መንገዱ ጉድጓድ አማርሮ ይቀመጣል፤ ቃለ ጉባኤው ግን ሕዝቡ በፕላኑ ተስማምቷል ብሎ ይዘጋል።

የሕንፃ ንድፍ በመሥራት የኖርሁ ሰው ነኝና ረቂቁ እጄ ቢገባ መጀመሪያ የምፈልገው የሕንፃ ከፍታ የተጻፈበትን አንቀጽ ነው። ጂ ፕላስ ሦስት (ምድር ወለሉና በላዩ ሦስት ፎቅ)፣ ጂ ፕላስ አራት ብሎ በፎቅ ቁጥር ብቻ መወሰን ሜዳ ላይ ለተቆረቆረ ከተማ ይበቃ ይሆናል። ጎንደር ግን ተዳፋት ላይ ናት። ከላይኛው መንገድ ሲታይ ጂ ፕላስ ሁለት የሆነ ሕንፃ ከታችኛው መንገድ አምስት ወለል ሆኖ ሊቆም ይችላል፤ በንድፉ ላይ ምድር ቤት ተብለው የተጻፉት ሁለቱ ወለሎች በታችኛው በኩል በርና መስኮት አውጥተው ሱቅ ይሆናሉ። ባለቤቱ ፈቃዱን አልጣሰም። ከሥሩ ያለው ጎረቤት ግን የጠዋት ፀሐይ አጥቷል፣ በክረምት ደግሞ የላይኛው ጣሪያ ጎርፍ ግቢው ይገባል። ደንቡ ከፍታን በሜትር ይጻፍ፤ ከየትኛው የመሬት ነጥብ ተነሥቶ እንደሚለካም በግልጽ ያስቀምጥ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ብዙ ክርክር ግን ያስቀራል።

ይህ ነገር በቅርሶቻችን ዙሪያ የበለጠ ይከብዳል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው 900 ሜትር ገደማ በሚረዝም አጥር የተከበበው ፋሲል ግቢ ብቻ አይደለም፤ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴም አብረው አሉበት። በመካከላቸው የሚቆመው እያንዳንዱ ፎቅ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታየውን ይወስናል። ሆኖም ቅርስ አጠገብ መኖር ቅጣት መሆን የለበትም። የሚያፈስ ጣሪያውን ቆርቆሮ ለመቀየር የሚፈልግና ፎቅ የሚያቆም ሰው በአንድ ዓይነት የፈቃድ ሂደት እንዲያልፉ የሚያደርግ ደንብ ከወጣ፣ ሰዉ ቤቱን በሌሊት ማደስ ይጀምራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰርቪስ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ የሚስቧቸው ተማሪዎች፣ ነርሶችና አስታማሚዎች ብዙዎቹ የሚያድሩት በሰው ጓሮ በተሠሩ ክፍሎች ነው። ጡረታዋ ለወር የማይበቃት እናት በሁለት ክፍል ኪራይ ትኖራለች። ከአጥሩ ጥግ ትንሽ ሱቅ አለች፣ ከጎኗ እንጀራ የምትሸጥ ሴት አለች፣ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊው መኪናውን ዘርግቷል። ይህን ሰፈር መኖሪያ ብቻ ብሎ ቢጫ መቀባት ግማሹን ነዋሪ በአንድ ቀን ደንብ ተላላፊ ማድረግ ነው። ይልቅ ሰርቪስ ቤት ይፈቀድ፤ ለስንት ሰው ስንት መጸዳጃ ቤት እንደሚያስፈልግ፣ እሳት ቢነሣ መኪና የሚገባበት ክፍተት ምን ያህል እንደሚሆን ይደንገግ። የብረታ ብረት ብየዳን በተመለከተ ግን ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር አይሁን እላለሁ፤ ባለሙያዎቹ አይቀየሙኝ።

ስለ ወንዞቹ ብዙ አልልም። የቀሃና የአንገረብ ዳርቻ ወሰን በካርታው ላይ ብቻ ሳይሆን መሬቱ ላይም በድንጋይ ምልክት ይደረግበት። የአንገረብ ግድብ በደለል መቸገሩ የታወቀ ነው፤ ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት ለግንባታ ቢከፈት የምንጠጣውን ውኃ ራሳችን እንደፈናለን።

እንግዲህ አፈጻጸሙን በተመለከተ፣ ረቂቁ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ ታትሞ ቢያንስ ለአንድ ወር ይለጠፍ። አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹና ገበያዎቹ በስማቸው ይጻፉበት፤ ሰው ቤቱን የሚያገኘው በእነርሱ ነውና። ማንበብ ለማይችሉ የሚያስረዳ ባለሙያ በተወሰኑ ቀናት ይቀመጥ። የጽሑፍ አስተያየት ያስገባ ሰው ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ይሰጠው፤ ሐሳቡ ተቀባይነት ካላገኘም ምክንያቱ ከመጨረሻው ሰነድ ጋር አብሮ ይውጣ። ስብሰባው ቅዳሜ ቀን እንዳይሆን አደራ፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚውለው ነጋዴና ከአዘዞ በኩል እቃ ይዞ የሚመጣው ሰው በደንቡ በጣም ከሚነኩት መካከል ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጎንደር ነዋሪ