የማይክሮኮንትሮለር ሰነዶች በየቤተ ሙከራው ይቀመጡ

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ ቴክኖሎጂ ትምህርትና ስለ ወጣቶች የፈጠራ ሥራ የሚያወጣቸውን ጽሑፎች ከሚከታተሉት አንባቢዎች አንዱ ነኝ። በእነዚህ ጽሑፎች የዕቃ መወደድና የውጭ ምንዛሪ እጥረት በተደጋጋሚ ይነሳል፤ እውነትም ነው። እኔ በበኩሌ ማንሳት የምፈልገው ግን ምንዛሪ የማይጠይቀውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በአነስተኛ ኃይል የሚሠሩ ገመድ አልባ ማይክሮኮንትሮለሮችን የሚያመርቱ ኩባንያዎች በነጻ የሚያቀርቧቸውን የቴክኒክ ሰነዶች፣ እኛ ደግሞ ሳንከፍታቸው የምናልፋቸውን።

እነዚህ ቺፖች ፕሮሰሰርን፣ ማኅደረ ትውስታንና ሬዲዮን በአንድነት የያዙ ሲሆኑ፣ ለአፈር እርጥበት መለኪያ፣ ለውኃ ቆጣሪ፣ የክትባት ማቀዝቀዣን ሙቀት ለመከታተልና ለመሳሰሉት ያገለግላሉ። አብዛኛውን ጊዜያቸውን በእንቅልፍ ያሳልፋሉ፤ ለአፍታ ነቅተው ይለካሉ፣ ውጤቱን በሬዲዮ ይልካሉ፣ ተመልሰው ይተኛሉ። ስለዚህ የባትሪውን ዕድሜ በአመዛኙ የሚወስነው መሣሪያው ተኝቶ ሳለ የሚስበው ጥቂት ማይክሮአምፒር (የአምፒር ሚሊዮንኛ) የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ ይህን ደግሞ በግምት ወይም ከጓደኛ በተቀዳ ኮድ ማወቅ አይቻልም።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ ከተማሪዎች እጅ የማይጠፋው ቺፕ የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ያቀረበው ኢኤስፒ32 ነው። የቺፑ ዳታሺት፣ ማለትም አምራቹ የቺፑን የኤሌክትሪክ ባሕርይ የሚገልጽበት ሰነድ፣ በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ የሚወስደው 10 ማይክሮአምፒር ገደማ መሆኑን ይገልጻል። ተማሪው ይህን ቁጥር ይዞ 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ ዓመታት እንደሚቆይ በሪፖርቱ ያሰላል፤ መሣሪያው ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ይጠፋል። ነገሩ ምሥጢር የለውም። 10 ማይክሮአምፒር የቺፑ እንጂ ቺፑ ከሌሎች ክፍሎች ጋር የተገጠመበት የቦርዱ ፍጆታ አይደለም። በብዙዎቹ ርካሽ ቦርዶች ላይ የሚገኘው ኤኤምኤስ1117 የተባለው የቮልቴጅ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን ለቺፑ በሚስማማው መጠን የሚያስተካክለው ክፍል) ምንም ሳይሠራ ለራሱ ብቻ 5 ሚሊአምፒር ገደማ፣ ማለትም 5,000 ማይክሮአምፒር፣ ይወስዳል፤ ይህም የተኛው ቺፕ ከሚወስደው 500 እጥፍ ነው። 2,000 ለ5 ሲካፈል 400 ሰዓት፣ ማለትም 17 ቀን የማይሞላ ጊዜ ይሆናል፤ በቦርዱ ላይ ቀን ከሌት የምትበራው ትንሿ ቀይ መብራት ገና ሳትቆጠር። የሬጉሌተሩ ዳታሺት ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉት ሲሆን ቁጥሩም በሰንጠረዡ ውስጥ ተቀምጧል። የዚያው ቺፕ ኤዲሲ2 የተባለው የአናሎግ ንባብ ክፍልም ዋይፋይ በሥራ ላይ እያለ ለንባብ እንደማያገለግል በአምራቹ የፕሮግራም መመሪያ በግልጽ ተጽፏል። ይህን ያላነበበ ተማሪ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊገዛ መርካቶ ይወርዳል።

ከሰነዶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ግን ኤራታ የሚባለው፣ አምራቹ ራሱ በቺፑ ላይ ያገኛቸውን ጉድለቶች የሚዘረዝርበት ወረቀት ነው። የኖርዌዩ ኖርዲክ ሴሚኮንዳክተር የሚያመርተውን ኤንአርኤፍ52832 የተሰኘውን የብሉቱዝ ቺፕ እንውሰድ። በዋናው ሰነድ መሠረት ይህ ቺፕ ከሁሉ በጠለቀው የእንቅልፍ ደረጃ 0.3 ማይክሮአምፒር ብቻ ይወስዳል። በኤራታው 89ኛ ቁጥር ላይ ግን ከሴንሰሮች ጋር የሚያገናኘው ቲደብሊውአይ የተባለው ክፍልና የፒኖችን (የቺፑን መገናኛ እግሮች) መለዋወጥ የሚከታተለው ጂፒአይኦቲኢ አብረው ጥቅም ላይ ሲውሉ ቺፑ 400 ማይክሮአምፒር ገደማ ያለማቋረጥ ሊስብ እንደሚችል ተመዝግቧል። 220 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ የሚይዘው ሲአር2032 የተባለው ክብ ባትሪ በዚህ ፍጆታ 550 ሰዓት፣ ማለትም 23 ቀን ያህል ነው የሚቆየው፤ አማካይ ፍጆታው 10 ማይክሮአምፒር ቢሆን ኖሮ ያው ባትሪ በስሌት ከሁለት ዓመት በላይ ያገለግል ነበር። የተማሪውን ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች አሥር ጊዜ ቢያነቡት ስህተቱ አይገኝም፤ ምክንያቱም ስህተቱ ያለው በሲሊከኑ፣ ማለትም በራሱ በቺፑ አካል ውስጥ ነው። መፍትሔው፣ ማለትም የመገናኛ ክፍሉን በአንድ ሬጅስተር (የቺፑን ክፍሎች የሚቆጣጠር ትንሽ የማኅደረ ትውስታ ቦታ) በኩል አጥፍቶ መልሶ ማብራት፣ በዚያው ወረቀት ላይ ከነአድራሻው ሰፍሯል። ኤራታ ሲነበብ የቺፑን እትም የሚያመለክቱትን፣ በላዩ ላይ የታተሙትን ፊደላት አብሮ መመልከት ያስፈልጋል፤ አንዱ ጉድለት በአንደኛው እትም ላይ ኖሮ በቀጣዩ ላይ ታርሞ ሊገኝ ይችላልና።

ተማሪዎች አያነቡም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ሰነዶቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው እንደማይገኙም ማመን ይገባል። ለምሳሌ የአሜሪካው ኩባንያ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሲሲ2650ን የመሰሉ ቺፖቹን የኤሌክትሪክ ባሕርይ በዳታሺት፣ የሬጅስተሮቹን ዝርዝር ደግሞ ለመላው የቺፕ ቤተሰብ በተዘጋጀ ከ1,500 ገጽ በላይ በሆነ ሌላ መጽሐፍ ያቀርባል። ኖርዲክ ሁለቱን በአንድ ሰነድ አጣምሮ ያወጣል። ኤስፕሬሲፍ ዳታሺቱን፣ የቴክኒክ ማጣቀሻውን፣ የቦርድ ንድፍ መመሪያውንና የፕሮግራም መመሪያውን ለየብቻ ያትማል፤ የፕሮግራም መመሪያው ደግሞ በየሶፍትዌሩ ስሪት ይለያያል። በአንዱ ኩባንያ አሠራር የለመደ ሰው ወደ ሌላው ሲሻገር የፈለገውን ገጽ ሳያገኝ ቢውል አይደንቅም። በዚህ ላይ ስሪቶች ያረጃሉ። ኖርዲክ ኤንአርኤፍ5 የተባለውን የቀድሞ የሶፍትዌር ማበልጸጊያ ጥቅሉን እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 17.1.0 ስሪት በኋላ በጥገና ደረጃ ብቻ አቆይቶ፣ አዳዲስ ሥራዎች ዜፊር በተባለው የአነስተኛ መሣሪያዎች ስርዓተ ክወና ላይ በተመሠረተው አዲሱ ጥቅል እንዲሠሩ አድርጓል፤ የሰነድ ማውጫ ድረ ገጹንም ለውጧል። በቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎች ግርጌ የተጠቀሱ አድራሻዎች ዛሬ ሲሞከሩ የማይከፈቱት በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የኤሌክትሪካልና የኮምፒዩተር ምህንድስና ትምህርት ክፍሎቻችን በየቤተ ሙከራቸው ላሉት ቦርዶች ሁሉ ዳታሺቱን፣ የቴክኒክ ማጣቀሻውን፣ ኤራታውን፣ የቦርዱን የኤሌክትሪክ ዑደት ንድፍና ከሚጠቀሙበት የሶፍትዌር ስሪት ጋር የሚገጥመውን መመሪያ አውርደው፣ የእትም ቁጥሩንና የወረደበትን ቀን ጽፈው፣ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ እንዲያስቀምጡ እጠይቃለሁ። ከፍተኛ በጀት አያስፈልገውም፤ ለተለመዱት ቺፖች የሚበቃው ሰነድ በአንድ ፍላሽ ዲስክ ይያዛል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚማር ወጣት ደግሞ ይህ ሰነድ ከቦርዱ ባልተናነሰ ያስፈልገዋል። ከግቢ ውጭ አባዝቶ ለማሰራጨት ከታሰበ ግን የየኩባንያውን የፈቃድ ሁኔታ አስቀድሞ ማየት ተገቢ ነው።

ሰነዶቹ በሙሉ ወደ አማርኛ ይተርጎሙ የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ቅን ሐሳብ መሆኑን ባልጠራጠርም አልስማማበትም፤ የአንዱ መጽሐፍ ትርጉም ሳያልቅ አምራቹ አዲስ እትም ያወጣና ተማሪው ባረጀ ቁጥር ይሠራል። ይልቅስ የትኛው ጥያቄ በየትኛው ሰነድ፣ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚመለስ የሚያሳይ አጭር የአማርኛ መምሪያ ቢዘጋጅ ለጀማሪው የበለጠ ይጠቅመዋል። የፍጆታ ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚነበብ፣ በተለምዶ የሚጠበቀውና ከፍተኛው መጠን እንዴት እንደሚለያዩ፣ ቁጥሩ በምን ያህል ቮልቴጅና ሙቀት እንደተለካ በምሳሌ ቢያስረዳ አብዛኛው ሥራ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

የፕሮጀክት ገምጋሚዎችም ድርሻ አላቸው። በገመገምኳቸው ሪፖርቶች ዘንድ የባትሪ ዕድሜ ስሌት ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ቁጥሩ የተወሰደበት ሰነድና እትም ግን እምብዛም አይጠቀስም፣ በመለኪያ መሣሪያ የተረጋገጠ የእንቅልፍ ፍጆታም ከዚያ ባነሰ ነው የሚታየው። ከሚመጣው የትምህርት ዘመን ጀምሮ እያንዳንዱ ሪፖርት የቺፑን እትም፣ የዳታሺቱንና የኤራታውን የእትም ቁጥር፣ እንዲሁም በሰነዱ የተገለጸውንና በቤተ ሙከራ የተለካውን ፍጆታ ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ እንዲይዝ ትምህርት ክፍሎች በግምገማ መስፈርታቸው ውስጥ ቢያካትቱት መልካም ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የኤሌክትሮኒክስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ