በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው?

ለተከበረው ጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ «የዘር በደልን በልብ ወለድ የጻፉት አሜሪካኖች ናቸው፤ የእኛ ደራስያን ያተኮሩት በባላባትና በጭሰኛ ላይ ብቻ ነው» የሚል ሐሳብ ወጥቶ አንብበናል። ጸሐፊው ብዙ ማንበባቸው ያስታውቃል። ድምዳሜያቸው ግን ችኩል ነው። መጻሕፍቱ ስለ ምን እንደሚያወሩ እንጂ በውስጣቸው ማን እንደሚናገር አላዩም።

በምሳሌነት ካነሱት ከአሜሪካዊቷ ደራሲ ከሐርፐር ሊ ልብ ወለድ፣ ከ«ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» እንጀምር። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን ታሪኩ የ1930ዎቹ የአላባማ ታሪክ ነው። የደራሲዋ አባት ጠበቃ ነበሩ፤ ጥብቅና የቆሙላቸው ሁለት ጥቁሮች በስቅላት ተቀጥተዋል። የደራሲዋ ሕይወት ከመጽሐፉ ጋር ያለው ዝምድና እስከዚህ ድረስ አያጠያይቅም። በሐሰት የተከሰሰው ጥቁር ቶም ሮቢንሰን በራሱ አንደበት የሚናገርበትን ገጽ የሚፈልግ አንባቢ ግን ከምስክርነቱ ሌላ እምብዛም አያገኝም። በደሉን የሚነግሩን ነጩ ጠበቃና ታሪኩን የምትተርከው ልጃቸው ናቸው።

አሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዚሁ ዓይን እንየው። ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ ለሴት ልጃቸው የመጣውን ሁሉ ይመልሳሉ፤ ገበሬው አልገብርም ብሎ ይነሣል፤ በአበጀ በለው እየተመራም ፊታውራሪን ይማርካል። ሥርዓቱ ለምን እንደማይቆም በቃል አስረድቶ የሚናገረው ግን ገበሬው አይደለም፤ ጉዱ ካሣ ነው። እሱ ደግሞ የፊታውራሪ ዘመድ ነው፤ በዚያ ላይ ሰዉ እንደ እብድ ያየዋል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሀዲስ ዓለማየሁ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት የሠሩ ሰው ነበሩ። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1955 ዓ.ም. የወጣው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ታግዷል። የሁለቱን ዕጣ የለያየው የደራስያኑ ማዕረግ ብቻ ነው ብለን አናምንም። ሀዲስ ነገሩን ወደ ኋላ ዘመን ወስደው በጎጃም አኖሩት፤ ከባዱን ቃልም ማንም «እብድ ነው» ብሎ ሊያልፈው በሚችል ሰው አፍ አስቀመጡት።

ብዙ አንባቢ ከደራሲው ሕይወት የሚያነሣው ሌላ ነገር ነው፤ «ሀዲስ ዲማ ተምረዋል፣ በዛብህም ዲማ ተምሯል፣ ስለዚህ በዛብህ ሀዲስ ነው» ይላል። ይህ የትም አያደርስም። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የድሀ ገበሬ ልጅ ነው፤ ታሪኩም የሚያልቀው በመንገድ ላይ ነው። ደራሲው አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ተምረዋል፣ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ተማርከዋል፣ በጣሊያን ደሴቶችም ታስረዋል። ሕይወታቸው የሚጠቅመን ምን ለማየት፣ ምንስ ለመናገር በሚያስችል ቦታ ላይ እንደነበሩ ለማወቅ ነው። (በነገራችን ላይ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ አስቀድሞ የሰማ ሰው ፊታውራሪን ከዚያ ድምፅ ለይቶ ማንበብ ይቸግረዋል። መጽሐፉን አንዴ ጮክ ብሎ በራስ ድምፅ ማንበብ ይረዳል።)

በከተማችን ላሉ የንባብ ክበባት የምንመክረው አሠራር ቀላል ነው። ከመጽሐፉ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ሃያ ሃያ ተከታታይ ገጽ ውሰዱ። ወረቀት በሦስት ዓምድ ክፈሉ፤ በአንዱ የራሱ ስም ያለውን፣ በሁለተኛው አሽከር፣ ገረድ፣ እረኛ እየተባለ በሥራው ብቻ የሚጠራውን፣ በሦስተኛው በትምህርተ ጥቅስ የሚናገረውን መዝግቡ። ሃያውን ገጽ ከአንድ ቦታ ብቻ የወሰደ ሰው የፍቅሩ ምዕራፍ ይገጥመውና ሁለት ሰው ብቻ ቆጥሮ ይነሣል። «እሺ ጌታዬ»ንም ከንግግር አትቁጠሩት፤ መልስና ሐሳብ ይለያያሉ። ከዚያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጻፉ፦ ታሪኩ የሚካሄድበትን፣ መጽሐፉ የታተመበትን፣ የተነሣው በደል በሕግ የተሻረበትን። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲታተም ጭሰኛው ገና ጭሰኛ ነበር፤ ለዚያ ዘመን አንባቢ ያለፈ ታሪክ አልነበረም።

የዘመን አቆጣጠር ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ሮም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ በእኛ 1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በተማሪዎች ወረቀት ላይ ግን «1908 ዓ.ም.» ተብሎ ይገኛል። በዚያ ስሌት መጽሐፉ ዳግማዊ ምኒልክ ከሞቱ በኋላ የወጣ ይመስላል፤ እውነቱ በዘመናቸው መውጣቱ ነው። በዚህ የመጀመሪያ የአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ዋህድ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ባርነትን ያስቀረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ ደራሲው የጻፉት ዓይናቸው እያየው ስለነበረ ነገር ነው። የእኛ ሥነ ጽሑፍ ስለ ሰው ሽያጭ አያውቅም የሚለው ሐሳብ እዚሁ ላይ ይወድቃል። ሆኖም አንባቢው የሚያለቅስለት ዋህድ የጦር አለቃ ልጅ ነው፤ ለመሸጥ የተወለደ ተደርጎ የሚታይ ሰው አይደለም። አፈወርቅ ኋላ እዚህ ድሬዳዋ የጉምሩክ ነጋድራስ ሆነዋል፤ ከዚያም በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር አብረዋል። የኋለኛውን ሥራቸውን ይዞ ወደ 1900 ዓ.ም. መመለስና መጽሐፉን በዚያ መፍረድ ግን የዘመን ቅደም ተከተልን ማፍረስ ነው።

ወደ ሐረር እንለፍ። ጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባለውን የሚጎበኝ ሰው ፈረንሳዊው ገጣሚ እዚያ ተቀምጦ ግጥም የጻፈ ይመስለዋል። አርተር ራምቦ ግን እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ሲደርስ ግጥም ትቶ ነበር፤ የመጣውም የኤደን ወደብ ነጋዴ ወኪል ሆኖ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ሊገዛ ነው። ቤቱም እሱ ከሞተ በኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ከሐረር የቀረልን ጽሑፉ ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1889 የምኒልክ አማካሪ ለነበረው ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሲጽፍ አንድ ጥሩ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲልክለት ይጠይቃል። ኢልግ በማግስቱ ዓመት ሲመልስ ባሪያ ገዝቶ እንደማያውቅና አሁንም መጀመር እንደማይፈልግ ገለጸለት። ይህ ደብዳቤ ራምቦን የባሪያ ነጋዴ አያሰኘውም፤ ያን ክስ ያነሡ ሰዎች በቂ ማስረጃ አላቀረቡም። የሚያሳየው የአውሮፓን ባለጸጎች በግጥሙ ሲያበሻቅጥ የነበረ ሰው ሁለት ልጆችን ከበቅሎ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዳስቀመጠ ነው። ልጆቹ ስም የላቸውም።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተንም እንዲሁ መነበብ አለበት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ተቀመጠ፤ መጽሐፉን በ1856 አሳተመ። ስለ ሐረር ሰው መልክና ጠባይ የጻፈው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መኮንን ንቀት ነው። የዚያው መጽሐፍ አባሪ ግን የሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር ይዟል። ሲነበብ የለካውንና የቆጠረውን በአንድ ቀለም፣ የፈረደውን በሌላ ቀለም ማስመር ይበጃል። ስድቡን ብቻ አይቶ መጽሐፉን መጣልም፣ መረጃውን ብቻ ወስዶ ስድቡን መሸፈንም አያዋጣም።

የተሸጡ ሰዎች ራሳቸው የጻፉት የለም ወይ ለሚል ጠያቂ መልሱ በኦሮምኛ አለ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ተሽጠው ምፅዋ ላይ ነፃ የወጡ ናቸው። አስቴር ጋኖ ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ ሲወሰዱ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከብ ያስጣላቸው ወጣት ነበሩ። ሁለቱ በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ሆነው እ.ኤ.አ. በ1894 «ጀልቀባ ባርሲሳ» የተባለውን የኦሮምኛ ማንበቢያ አሳተሙ። ዘፈኑን፣ ተረቱንና እንቆቅልሹን አስቴር በቃል ከያዙት አውጥተው አስመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የሁለቱ ድካም አለበት፤ ሲጠቀስ ግን ባብዛኛው የሚሰማው የኦነሲሞስ ስም ብቻ ነው።

ማንበቢያው የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። በቁቤ ብቻ የተማረ ኦሮምኛ ተናጋሪ ፊደሉን አያነበውም፤ ፊደሉን የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ፊደሉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ተነባቢ፣ የሚረዝመውንና የሚያጥረውን አናባቢ ስለማይለይ ትርጉሙ ያመልጠዋል። ቋንቋው የምዕራቡ አነጋገር በመሆኑ የሐረርጌ ሰው የሚቸገርባቸው ቃላትም አሉ። ድሬዳዋ ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። አንዱ ፊደሉን እያነበበ፣ ሌላው እያደመጠና ቃሉን እያረመ ቢሠሩ ጥቂት ገጽ በአንድ ከሰዓት ይወጣል። ዓምዳችሁ ከአሜሪካው ልብ ወለድ ቀጥሎ ለዚህ ሥራ ቦታ ቢሰጥ የተወሰኑ ገጾችን በአማርኛ ትርጉም አዘጋጅተን ለመላክ ፈቃደኞች ነን።

የሥነ ጽሑፍ መምህራን
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ