ሰዓቱን ተወውና ሐኪም ይይህ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አንተ ግን ደህና አይደለህም። ሥራ ቦታ አዙሮህ ግድግዳ ተደግፈህ እንደቆምክ እህትህ ነግራኛለች። አትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያወጣጣኋት። «የልብ ምት የሚለካው ሰዓቴ ልብህ ደህና ነው ይለኛል» ብለሃታል አሉ። ሰዓት ሐኪም አይደለም። ሂድና ታይ።

ለእኔ የላክህልኝንም ሰዓት እጄ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ተባረክ። የልብ ምት ልዩነት የሚለው ቁጥርህ፣ ማለትም በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው፣ ከእኔ ስለበለጠ ነው የተኩራራኸው? እሱማ ቢበልጥ አይገርምም። አንተ 29፣ እኔ 66። ትንፋሽ ስንስብ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል። የሰዓት ፋብሪካ ግኝት እንዳይመስልህ፤ ካርል ሉድቪግ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1847 በውሻ ላይ መዝግቦታል። ቬገስ የሚባለውን ነርቭ የልብ ልጓም ነው በለው። ስንስብ ይላላል፣ ስናስወጣ ይጠብቃል። ዕድሜ ሲገፋ ደም ሥሩም ይደድራል፣ ልጓሙም እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ የትንፋሽና የልብ መናበብ እየደከመ ይሄዳል። የእኔ ቁጥር ማነሱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ያንተ መብዛትም የጤና ምስክር ወረቀት አይሆንም።

ትንሽ ሳለህ ከተረኛነት ስመለስ ተኝተህ አገኝሃለሁ። አንጓህን ይዤ እቆጥራለሁ። ስትስብ ቱር ቱር ይላል፣ ስታወጣ ረጋ። አባትህ «ልጁን አስተኚው እንጂ!» ይለኝ ነበር። የአያትህን ስይዝ ግን ሳቡም አስወጡም ያው ነው።

እሳቸው ሌሊት ለኪዳን ብድግ ሲሉ የወደቁትን ታስታውሳለህ። ሰው ሲቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ ልብ ወዲያው መፍጠን፣ ደም ሥርም መጥበብ አለበት። በእርጅና ይህ ይዘገያል፣ በዚያ ላይ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር። እንደነቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንድ አባታችን ሆይ እስኪደግሙ እንዲቆዩ ለመንኳቸው። «ጸሎቴን በሐኪም ትእዛዝ ልታደርጊው ነው?» ብለው ተቆጡ። ኋላ ወደዱት መሰለኝ፣ ውዳሴ ማርያሙንም እዚያው ጀመሩና ኪዳኑ ማለፍ ጀመረ። እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ!

ምን ልልህ ነበር? አዎ፣ ታይ። የሳቸው ማዞር ምክንያቱ ታውቋል። ያንተ አልታወቀም። ደም ማነስ ይሁን፣ የሌሊት ፈረቃው ይሁን፣ ልብ ይሁን የሚለየው ሐኪም ነው። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይሥሩልህ፣ ግፊትህንም ተኝተህና ቆመህ ይለኩህ። እስከዚያ ባዶ ሆድህን ቡና አትጠጣ፤ ውሃ ጠጣ። ዳግመኛ ካዞረህ መሪ አትያዝ። ደረትህን ከወጋህ ወይም ራስህን ከሳትክ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ አምቡላንስ ይጠራልህ።

የኔ ጌታ፣ ጨቀጨቅኩህ አይደል? ይሁን። የቀጠሮህን ቀን ቅዳሜ ስትደውል ንገረኝ። ደግሞ የአክስትህን ብር በእህትህ በኩል አትላክ፤ ያለፈውን ጫማ ገዝታበታለች።

እናትህ